የለታ አያት ስም

ሰኔ 1 ቀን 2017፣ እሑድ

ገባን። ዕቃው ገና አልተፈታም፤ እኔ ግን ደብተሬን ከትልቁ ድስት ውስጥ አውጥቼ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ድስት ውስጥ የከተትኩት ዕቃ ጫኞቹ እንዳያገላብጡት ነው። ሰምሀል አይታኝ «እማ፣ ያንቺን ደብተር ማን ይሰርቃል ብለሽ ነው?» ብላ ሳቀች። ትሳቅ። እሷ የሰው ክፋት መች ደርሶባት ያውቃል።

ቤቱ ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። አሮጌ ፎቅ ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃና እንጨት፣ ከፊት ጠባብ በረንዳ አለው። የእንጨት ደረጃው ሰው ሲወጣበት ይንቋቋል። ይህን ወድጄለታለሁ፤ ማንም ሳይሰማ አይደርስብንም። ታች ባለቤቱ ጋሼ ደቻሳ ከልጃቸው ከኦልያድ ጋር ይኖራሉ፤ ላዩን ለእኛ አከራዩን። ሁለት መኝታ ቤት አለው። የፊተኛው የእኔ፣ የኋለኛው የሰምሀል።

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን በሯን ዘግታ ተኝታ አታውቅም። አባቷ ለታ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነ። በስምንት ዓመት አራት ቤት ቀይረናል፤ አራቱም አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ዛሬ በሯን ዘጋች። ከውጭ ቆሜ ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ዕንባዬ መጣ። ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣንም። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ የእኔን ቅጂ ከዚህ ደብተር ልባስ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ደላላው ኑሕ ቁልፉን ሲሰጠኝ «እርስዎ ዕድለኛ ነዎት፤ ጋሼ ደቻሳ ከእርስዎ በፊት ስድስት ሰው መልሰዋል» አለኝ። ስድስት ሰው የመለሰ ሰው እኛን ምን አይቶ ተቀበለ?

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት፣ ሥራ ቦታ።

ይህን ቤት ማን እንደጠቆማት ሰምሀልን ጠየቅኋት። «የመድኃኒት ቤታችንን ማቀዝቀዣ የሚጠግነው ልጅ» አለች። የጋሼ ደቻሳ ልጅ ኦልያድም ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ማቀዝቀዣ ጠጋኝ አለ እባካችሁ!

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መስኮት «ስም ከነአያት» ስል ኖሬ፣ ሰው ስሙን ሲዋሽ አውቃለሁ። ዓይኑ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ዛሬ ከሱሉልታ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ግን ጣሪያ ሳያዩ፣ ወረፋም ሳይጠብቁ፣ «የቀኛዝማች ባጫ ዘር ነኝ» ብለው ዘው አሉ። ወረፋው ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ብድግ ብለው አሳለፏቸው። እኔም ሳላስበው ካርዳቸውን ቶሎ አወጣሁ። ዘመድ ማለት እንዲህ ነው። እኛን ማን ብድግ ብሎ ያሳልፈናል?

ሰኔ 15፣ እሑድ

የጋሼ ደቻሳ እህት ነኝ ያሉ፣ እትዬ ጸሐይ የሚባሉ ሴት ሳይጠሩ ወጡ። «ውሃ ጠማኝ» አሉ። ታች ውሃ የለም? ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡት ቤቱን ዞሩት። ማድ ቤት ገብተው ድስት ከፈቱ፤ በማንኪያ ቀመሱ።

«ማን ነው የሠራው?»

«ልጄ ናት» አልኩ።

«እጇ ጥሩ ነው። ጠዋት በስንት ሰዓት ትነሳለች?»

ምን አገባቸው? ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ድስቱን የከፈቱት ጭሳችን ግድግዳውን ምን ያህል እንደሚያጠቁረው ለማወቅ ነው። ስለ ጠዋት የጠየቁትም ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ለመያዝ ነው። ሰምሀል በሩ ጋ ቆማ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ንዴት ነው። የእኔው ልጅ አይደለች።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ኦልያድ ሜትር ይዞ መጥቶ የኋለኛውን መኝታ ቤት መስኮት ለካ።

«ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ብረት ላስገባለት ብዬ ነው፣ እትዬ። በጓሮ በኩል ክፍት ነው።»

እሺ፣ መስኮቱ ይለካ። ግድግዳውን ምን ብሎ ይለካል? አልጋው የሚያርፍበትን ቦታ ሁለት ጊዜ ለካው። ሊያስወጡን ነው፤ የሚገባው ሰው ትልቅ አልጋ አለው ማለት ነው። ይባስ ብላ ሰምሀል የሜትሩን ጫፍ ይዛለት ነበር። ከሄደ በኋላ «ከጠላት ጋር ቤት ትለኪያለሽ?» ስላት የምትጠጣው ሻይ ትን አላት።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ሰምሀል ስልኳን ይዛ ደረጃው ላይ መቀመጥ አብዝታለች። «ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም» ትላለች። እኔ ቤት ውስጥ ጥርት አድርጌ ነው የማወራው። ጸጉሯንም አዲስ ተሠርታለች። ሥራ ልትቀይር ይሆናል። ከእኔ የምትደብቀው ነገር ኖሮ አያውቅም።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሸጎሌ የነበርንበት ቤት ትዝ አለኝ።

የዚያ ቤት ባለቤት መጀመሪያ ላይ ደግ ነበረች። ወንድም አለሽ? የባልሽ ቤተሰብ የት ነው? ይጠይቁሻል? እኔ ሞኟ፣ ማንም የለኝም ብዬ የሆዴን ዘረገፍኩላት። በሳምንቱ የእህቴ ልጅ ሊገባ ነው ብላ በሦስት ቀን አስወጣችን። ዕቃችን መንገድ ዳር ሲዘንብበት ዋለ። ሰምሀል የአባቷን ፎቶ በሹራቧ ውስጥ ይዛ ቆማ ነበር። ያን ቀን ገባኝ፤ አከራይ ስለ ዘመድ የሚጠይቀው የሚከራከርልሽ ሰው መኖር አለመኖሩን ሊያጣራ ነው።

ለታ ወንድም አለው፤ ለሜሳ ይባላል። እዚያው ሸጎሌ ከብት ተራ ይነግዳል። እዚያ በነበርንበት ጊዜ አንድ ቀን ከሩቅ አይቶኝ ቆመ። እኔ በሌላ መንገድ ዞርኩ። ለምን እንደዞርኩ ዛሬ አልጽፍም።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የፈራሁት ደረሰ።

ጋሼ ደቻሳ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ወደ ላይ ወጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አነሱ፣ ስለ ጣሪያው አነሱ፣ ስለ ጉልበታቸው አነሱ። ሰው እንዲህ ሲዞር ነገር አለው። በመጨረሻ መጡበት።

«ብርነሽ፣ ባለቤትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ የየት አገር ሰው ነበር?»

«የሙሎ።»

«አባቱ ማን ይባላሉ?»

«ታረቀኝ።»

«አያቱስ? የለታ አያት?»

ይህን ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አሁን ተጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ጉርሜሳ ብል ምን ይሉኛል? ጉርሜሳ ማን ነው? ሙሎ ውስጥ ሁለት በሬ የነበሩት ገበሬ። እሱን ማን ይፈራዋል? የሸጎሌው ዝናብ ታየኝ። ከዚያ ያ የካርድ ክፍል ወረፋ ብድግ ሲል ታየኝ።

«ቀኛዝማች ባጫ» አልኩ። ጣሪያ አላየሁም። ዓይን ዓይናቸውን ነበር የማየው።

ጋሼ ደቻሳ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «የቱ ቀኛዝማች ባጫ? የሱሉልታው?»

«ሌላ አለ እንዴ?» አልኩ። ይህ አልበቃኝ ብሎ «እኔ ለሰው አላወራም እንጂ ዘመድ ሞልቶናል» ብዬ ጨመርኩበት።

ጎንበስ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ለካ ዘመዴ ነሽ። ቀኛዝማች ባጫ የእናቴ አባት ናቸው። ይህን ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ከተራራው ወዲያ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጆች ነበሯቸው ሲባል ልጅ ሆኜ እሰማ ነበር። እናንተ ናችኋ!»

ያኔውኑ ማስተባበል ነበረብኝ። ግን አንዴ ከአፌ ወጥቷል። «እግዚአብሔር ሲያገናኝ እንዲህ ነው» አልኩ። የእግዚአብሔርን ስም እዚህ ውስጥ ማስገባት አልነበረብኝም።

ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ ግን ግድግዳውን እየተደገፉ ነው የወረዱት፤ መርዶ የሰማ ሰው ነው የሚመስሉት። ይሁን። የቀኛዝማች ባጫን የልጅ ልጅ ልጅ ከገዛ ቅድመ አያቷ ቤት ማን ያስወጣል? ከእንግዲህ እነሱ ይፍሩ።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ሠርቷል! ጠዋት ስወጣ ጋሼ ደቻሳ ከወንበራቸው ተነስተው ነው ሰላም ያሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። ጉንፋን ይሆናል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ከታች የእትዬ ጸሐይን ድምፅ ሰማሁ። ደረጃው እንዳይንቋቋ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ።

«ውርስ ልትጠይቅ ነው የገባችው! ሁሉን አውቃ ነው የመጣችው፤ አንተ የዋሁ!»

«ተይኝ እስቲ ጸሐይ። የጨነቀኝ ውርሱ አይደለም» አሉ ጋሼ ደቻሳ። «ልጁን ምን ብዬ ልንገረው?»

ልጁን ምን አገባው? ቤቱን ሊሸጥ ያሰበው ኦልያድ ነበር ማለት ነው። ደረስኩባቸው። ባዶ እግሬን ደረጃ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። የደረጃው ቅዝቃዜ ግን እስካሁን ከእግሬ አልወጣም።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ኦልያድ ሻንጣ ይዞ ወጣ። አዳማ ሥራ አግኝቶ ነው አሉ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ የኋለኛውን መስኮት ብዙ አየው። ብረቱ አልገባም፤ እንደዚያው ቀረ።

ሰምሀል እህል ከቀመሰች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሯን ዘግታለች። አጥሚት ሠርቼ አንኳኳሁ፤ «ጨጓራዬን ነው፣ ተይኝ» አለች። በሩ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያ ሲዘጋ ያስለቀሰኝ በር ዛሬ ቢሰበር ግድ የለኝም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ልጽፈው። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

ሰምሀል ከክፍሏ ወጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እማ፣ አባዬ እንደዚህ ያለ ዘመድ እንዳለው ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?»

«የምን ዘመድ?»

«ቀኛዝማች ባጫ ነዋ።» ድምፅዋ የደከመ ነው። «እኔና ኦልያድ ሦስት ዓመት አብረን ነን። ይህን ቤት ያስገኘልን እሱ ነው፤ አባቱ ቀስ ብለው እንዲያውቁሽ፣ አንቺም እንድትለምጃቸው ብሎ። አንቺ ሰው ስለማታምኚ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። እትዬ ጸሐይ የመጡት እኔን ለማየት ነበር። እሱ ክፍሉን የለካው አልጋ ሊያሠራ ነው፤ ከእናቴ አልለይም ስላልኩት እዚሁ ልንኖር ነበር። ሽማግሌ የሚላከው ያለፈው እሑድ ነበር፤ ፍልሰታ ሳይገባ ብለው። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነበር። ሰባት ቤት እስኪሞላ።»

እኔ የማየው እጇን ነው። ጥፍሯን በልታ ጨርሳዋለች።

«ሦስተኛው ላይ ተገናኘን፣ እማ። ቀኛዝማች ባጫ ለእሱም ቅድመ አያት፣ ለእኔም ቅድመ አያት። ጋሼ ደቻሳ እያለቀሱ ነው የነገሩን። እህትና ወንድም ናችሁ አሉን።»

አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ልነግራት ነበር። እሷ ግን እጄን ያዘችና «ቢያንስ አንቺ ከእንግዲህ ቤት የለኝም ብለሽ አትሰጊም» አለችኝ። በነገር አይደለም። እያጽናናችኝ ነው። ልጄ እኔን እያጽናናችኝ ነው!

አፌን ዘጋሁት።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ሰምሀል ጓደኛዋ ርሆቦት ጋ ሄደች። «በዚህ ደረጃ መውጣትና መውረድ አልቻልኩም» አለች። አንድ ቦርሳ ብቻ ነው የያዘችው። ደረጃው ስትወርድ ተንቋቋ፤ ከዚያ ዝም አለ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ካርድ ክፍል። የሦስት ሰው ካርድ አሳሳትኩ። «ስም ከነአያት» ማለት አቃተኝ፤ አፌ ላይ ይደርስና ይቀራል። አለቃዬ ታመሽ እንደሆነ ፈቃድ ውሰጂ አለኝ። አልታመምኩም። እኔ ነኝ ያሳመምኩት።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሳላስበው እግሬ ወሰደኝና ጋሼ ደቻሳ ቤት ገባሁ። እትዬ ጸሐይም ነበሩ። ቁጭ በይ ቢሉኝ እምቢ አልኩ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «የለታ አያት ጉርሜሳ ነው። ቀኛዝማች ባጫን በዘር አላውቃቸውም፤ ስማቸውን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። ከቤት ሊያስወጡኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው።»

ጋሼ ደቻሳ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ያ አስተያየት የራሴ ነው፤ በካርድ ክፍሉ መስኮት ሰው የማይበት።

«ብርነሽ፣ ያኔም ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው የነገርሽኝ። አሁንም ዓይን ዓይኔን እያየሽ ነው። የቱን ልመን?»

«ልጇን ልትድር ብላ ደሟን ካደች!» አሉ እትዬ ጸሐይ። «ያኔ ውርሱን አሰበች፤ አሁን ሠርጉ በለጠባት።»

«ጋሼ፣ በማርያም እልዎታለሁ...»

«አትማይ» አሉ፤ ሳይቆጡ። «እኔ እንዲሆን እንዴት እንደምፈልግ ብታውቂ። ልጄ አዳማ ሆኖ ስልክ አያነሳልኝም። ግን የደም ነገር ነው። ተሳስተን ብናጋባቸው በእኛ አይቀርም፣ በልጆቻቸው ነው የሚደርሰው። ከባልሽ ወገን ዘር የሚቆጥር ሰው አምጪ። ያኔ እሰማለሁ።»

ውሸቴን በአንድ አፍ አመኑኝ። ለእውነቴ ምስክር አምጪ ተባልኩ። ቢያመኝም ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ከበሩ አላስገባኝም ነበር።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

መድኃኒት ቤቱ ሄጄ ለሰምሀል ነገርኳት። ሰው ፊት፣ ባንኮኒው ላይ። ሌላ ቦታ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ሰምታኝ ስትጨርስ «ይህን የነገርኩሽ ዕለት ዝም አልሽኝ» አለች። «ስንት ቀን ሆነ?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት ሳምንት» አለች። ከዚያ ከኋላዬ ወደቆመው ሰው ዞራ «ማዘዣዎን ይስጡኝ» አለችው።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

የኋለኛው መኝታ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። አልጋዋ ላይ ነኝ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለኝ፤ ማንም አያስወጣኝም፤ ውሉ አለ። የፈለግሁትን አገኘሁ። ጾሙንም እየጾምኩ ነው፤ እህል እንደሆነ ያለ ጾምም አይወርድልኝም።

ስለ ለሜሳ ልጻፍ። ለታ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ቤት ሙሉ ለቀስተኛ ተቀምጦ፣ ለሜሳ የለታን ወረቀቶች በፌስታል ይዞ ሲወጣ አየሁት። ተነስቼ ጮህኩ። «የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ ልትዘርፈኝ ነው?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። ፌስታሉን እንደያዘ ወጣ። ከአሥር ቀን በኋላ ፌስታሉ በጎረቤት እጅ መጣልኝ። አንድም ወረቀት አልጎደለም። ወረቀቶቹን የወሰደው የእኔንና የሰምሀልን ጡረታ ለማስጨረስ ነበር፤ ጨርሶት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የዚያን ጡረታ በልቻለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ዘገየሁ፤ ከዚያ መንገድ ላይ ሳየው መዞር ጀመርኩ።

ከጉርሜሳ በላይ ያሉትን የለታን አባቶች የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጾሙ ተፈታ። ዛሬ በጠዋት በሚኒባስ ሸጎሌ ወረድኩ።

ከብት ተራው ጭቃ በጭቃ ነው። ለሜሳን ከሩቅ አወቅሁት፤ ትከሻው የለታ ነው። ቦት ጫማ አድርጎ፣ ዱላውን ክንዱ ስር አድርጎ፣ ከአንድ ቀይ ኮርማ አጠገብ ቆሞ ይከራከራል። ጸጉሩ ሸብቷል። ሲያየኝ ንግግሩን አቆመ። በዚህ ጊዜ አልዞርኩም።

«ደግሞ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

ሰላምታው ይኸው ነው። ይገባኛል።

«ስም» አልኩት። «የለታን የአያቱን አባት ስም። ከዚያም ወዲያ ያሉትን።»

አልገባውም። ዝናቡ እየመታኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ቀኛዝማች ባጫ፣ ስለ ሰምሀል። ስጨርስ ሳይጠይቀኝ የፌስታሉን ነገርኩት። «ሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፤ እዚህም ሰው አለ፤ ይቅር በለኝ» አልኩ። የከብት ነጋዴዎቹ ዞር አሉልን።

ለሜሳ ኮርማውን አንገቱ ላይ እየዳበሰው ቆየ።

«የጉርሜሳን ስም አሳነስሽው አይደል?» አለ። «እኚያ ሰው በክፉ ቀን እህላቸውን አውጥተው ጎረቤት ያበሉ ናቸው። እኔና ለታ ያደግነው በእሳቸው ስም ነው። የማታውቂውን ቀኛዝማች ፍለጋ ሄድሽ።»

«የለታ ልጅ ስንት ዓመቷ ሆነ?» አለኝ ቀጥሎ።

«ሃያ ስድስት።»

«መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም» አለ። «ብርነሽ፣ ይኼን ነው የወሰድሽብኝ። ስድቡንስ ረስቼዋለሁ።»

ጭቃው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አላባበለኝም። ግን ሚኒባሱ ጋ ሸኘኝ፤ በሩ ሲዘጋ «የሚቀጥለው እሑድ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለኝ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ጠዋት ጋቢውን አጥፎ፣ ቦት ጫማውን ጠርጎ ለሜሳ መጣ። ሰምሀል ከርሆቦት ቤት መጥታ ነበር፤ ለእኔ ብላ እንዳልሆነ ነግራኛለች። ለሜሳ ደረጃውን ወጥቶ ሲያያት እዚያው ቆመ። «አፍንጫዋ የእናታችን ነው» አለ። አገጯን ይዞ ግንባሯን ሳማት። እሷ «አጎቴ» ስትለው እኔ ማድ ቤት ገባሁ።

ጋሼ ደቻሳ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወጡ፤ እትዬ ጸሐይም፣ ከአዳማ የመጣው ኦልያድም ተከተሉ። ልጁ ከስቷል። በቅድሚያ እኔ ተነስቼ በሁሉ ፊት ተናገርኩ። ዋሽቻለሁ፤ ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።

ከዚያ ለሜሳ ዱላውን መሬት ላይ አቁሞ መቁጠር ጀመረ።

«ለታ። ታረቀኝ። ጉርሜሳ።» እዚህ ላይ ቆም ብሎ አየኝ። «ዋቅጅራ። ቱሉ። ነገዎ። ሁንዴ።» ከየት አገር እንደመጡ፣ ማን የት እንደተቀበረ፣ ሴቶቹ ለማን እንደተዳሩ አንድ በአንድ ተናገረ። በእኔም በኩል ያሉትን እኔው ቆጠርኩ፤ በዚያኛው በኩል ጋሼ ደቻሳ ቆጠሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንደኛው ሽማግሌ ጆሯቸው ስለማይሰማ «ድገመው» ይሉ ነበር፤ ለሜሳም ይደግም ነበር።

በመጨረሻ እኚያው ሽማግሌ «አይገናኙም» አሉ።

ኦልያድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ጸሐይ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «እኔ መች አጣሁት፤ እጇን የቀመስኩ ዕለት ነው የወደድኳት» አሉ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። እኔ ነኝ ደግሞ ሰው የምታዘብ?

ሽማግሌዎቹ ሥርዓቱ እንዲሟላ ወደ ውጭ ወጥተው እንደገና አንኳኩ። «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። ለሜሳ በለታ ቦታ ተቀምጦ መለሰላቸው።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ሰምሀል ዕቃዋን መልሳ አመጣች። ገና እንደ ድሮው አታወራኝም። ትመልስልኛለች፤ አትጀምርልኝም። እታገሣለሁ። ሠርጉ ለጥር ተባለ። ኦልያድ የመስኮቱን ብረት ዛሬ ገጠመው፤ ሜትሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ከሰዓት ጋሼ ደቻሳ ወጥተው «ብርነሽ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ተከራይ የሚባል የለም፤ ያን ውል ቅደጂው» አሉኝ።

«ቀድጄዋለሁ፣ ጋሼ» አልኩ።

ሲወርዱ ሰምሀል ከክፍሏ በር ላይ ታየኝ ነበር።

«እማ፣ የት ደበቅሽው?»

«ምኑን?»

«እማ!»

«ደብተሬ ልባስ ውስጥ» አልኩ።

ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ በሩን ተደግፋ፣ እስክትንበረከክ ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ዕንባዋን እየጠረገች እጇን ዘረጋችና «በይ ስጪኝ፣ እኔ እቀድልሻለሁ» አለችኝ።

ነገ እሰጣታለሁ።